በከሰል የተሳለ መስኮት

«እስቲ ድገሚው!» አለ አባቷ ከጉድጓዱ ሥር።

ልጅቱ በጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር። በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የመዘውሩን እግር ጨብጣለች። ስልኩ የቁልፎቹ ቁጥር በመነካካት ብዛት የጠፋ፣ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ያመጣል ብሎ የጠረጠረው ማንም አልነበረም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደ ታች አነበበች።

«‹ይህ ገንዘብ የእናንተ ነው። ለፈለጋችሁት ነገር አውሉት። የሚመለስ ብድር አይደለም።›»

ድምጿ ግድግዳውን እየታከከ ወረደ። ቆይቶም፣ ሌላ ልጅ እዚያ ሆና የምታነብላት ይመስል፣ ወደ እሷ ተመለሰ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ አባዬ።»

«ሌላ ነገር አይልም?»

«አይልም።»

«በደንብ እዪው እንጂ! እንዲህ ብሎ ነገር የለም።»

በደንብ አየችው። ከመጨረሻዋ አራት ነጥብ በኋላ ያለው ባዶ ነው። የዶማው ድምፅ ጠፍቷል። ስምንት ሜትር ወደ ታች የሚታያት ጭቃ የለበሰ ቆብ ብቻ ነበር፤ ቆቡም አይንቀሳቀስም። አባቷ እያሰበ ይሁን እያለቀሰ ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። በመጨረሻ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተነቀነቀ፤ «ሳቢ» ማለት ነው። በቤታቸው ታሪክ ትልቁ ወሬ እንዲህ በአንድ ባልዲ ጭቃ ታጅቦ ገባ።

ቤት ውስጥ ደመና ነው የሚሏት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቅጽል ስሙ ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አብሯት አለ። ያኔ እናቷ ጎረቤት ሄዳ ጨው እንድታመጣ ልካት፣ ልጅቱ መንገድ ላይ አንጋጣ ቀርታ፣ ጨው ሳይመጣ ምሳ ተበልቶ አለቀ። «ይቺ ልጅ እግሯ ነው እንጂ እኛ ጋ ያለው፣ ራሷ የሚውለው ከደመና ጋር ነው» አለች እናቷ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። አሁንም ቢሆን አንድ ነገር ስታይ ከውስጡ ሌላ ነገር ማየት ይቀናታል። ጉድጓድ ስታይ ወንዝ ታያለች፤ መሬት ሥር፣ በጨለማ፣ ማንም ሳያየው ቀስ እያለ የሚሄድ ወንዝ።

አባቷ ፊደል ያልቆጠረ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። አፈሩን በምላሱ ጫፍ ቀምሶ «እዚህ ውሃ አለ፣ እዚያ የለም» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ለምን ልክ እንደሚሆን ግን እሱም አያውቀውም። የሳይንስ መምህሯ «ይህንን ተምረው የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ አንቺም ከፍተኛው ትምህርት ቤት ከገባሽ ትደርሺበታለሽ» ካላት ቀን ወዲህ ደመና ሌላ ሕልም የላትም። ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው፤ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ። ተመላልሶ መማር ስለማይቻል ክፍል መከራየት ያስፈልጋል፤ ክፍል ደግሞ በባዶ እጅ አይከራይም። ስለዚህ ሕልሟን ለአባቷም ለእናቷም ትንፍሽ አላለችም። ቶሎ እንዳያልቅባት እንደምትሳሳለት ከረሜላ ከምላሷ ሥር ይዛው ነበር የምትዞረው።

ትምህርት ሲዘጋ ከአባቷ ጋር ትሠራለች። እሱ ይቆፍራል፣ እሷ ከላይ ሆና ባልዲውን በመዘውር ትስባለች። ሥራው አንድ ሕግ አለው፤ ከላይ ያለ ሰው አይቀልድም። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ሰሐን የምታክል ሰማይ ነው። ከተራራው ዝናብ ቢመጣ፣ የጉድጓዱ አፍ ቢሰነጠቅ፣ ገመዱ ቢሳሳ፣ የሚያውቀው ከላይ ሲነገረው ብቻ ነው። አባቷ በወጣትነቱ አብሮት የሚሠራ ጓደኛ ነበረው። ያ ጓደኛው አንድ ቀን ለቀልድ «ጎርፍ መጣ!» ብሎ ጮኸበት። አባቷ ግድግዳውን በጥፍሩ እየቧጠጠ ወጣ፤ ሁለት ጥፍሩ እዚያው ቀረ። ጓደኛውን ከነሳቁ ትቶት ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር አንድም ጉድጓድ አልቆፈረም።

አሁን በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ላይ ይጣራል። «ደመናዬ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?» እሷም ያየችውን ትነግረዋለች። አንድ ጊዜ ከነገረችው ሁለተኛ አይጠይቅም።

የገንዘቡ ነገር የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ከአንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት የመጣች፣ ቢጫ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ሴት በየቤቱ እየዞረች ስም መዘገበች። ለመንደሩ ቤቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ገንዘብ በስልክ እንደሚላክ፣ ለምን እንዳዋሉትም ማንም እንደማይጠይቃቸው አስረዳች። ሰዉ በአክብሮት አዳመጣት፤ ወንበር አቀረበላት፤ ልክ ከመንደሩ እንደወጣች በሳቅ ሞተ።

አባቷ ብቻ አልሳቀም። የፍየሏ ነገር ትዝ ብሎት ነው።

ከዓመታት በፊት ሌላ መሥሪያ ቤት ለሰባት ቤቶች ሰባት ፍየል ሰጥቶ ነበር። ግማሾቹ ታመው ሞቱ፤ ሌሎቹ ሰው ሲታመም ለመድኃኒት ተሸጡ። የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ አንዲት ፍየል ብቻ ተረፈች። በዓመቱ አንድ ሰውዬ ደብተር ይዞ መጣና በየቤቱ «ፍየሏ የታለች?» ማለት ጀመረ። መንደሩ ምን ያድርግ? ሰውዬው በፊት በር ሲወጣ ያቺኑ ፍየል በጓሮ እያዞሩ ወደሚቀጥለው ቤት አደረሷት። ሰባት ቤት፣ ሰባት ፍየል፣ ሰባት የተቆረጠ ጆሮ። የመጨረሻው ቤት የእነ ደመና ነበር። ሰውዬው ፍየሏን አየ፤ ፍየሏም ሰውዬውን አየችው። «ከዚህች ፍየል ጋር ሳንተዋወቅ አልቀረንም» አለና ጽፎ ሄደ። መንደሩ ይህንን ሲያወራ እስከ ዛሬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አባቷም አብሮ ይስቃል፤ ግን ያን ቀን ከደብተሩ ፊት ቆሞ ያላበው ላብ ከውስጡ አልደረቀም።

ስለዚህ ገንዘቡ እውነትም ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነበር። «የሚታይ ነገር ነው የምንገዛው። ነገ መጥተው ቢጠይቁ ጎትቼ የማወጣላቸው ነገር ያስፈልገኛል።»

«አይጠይቁም ተብሏል እኮ» አለች እናቷ።

«ሲሰጡ ማን ይጠይቃል? ሲመለሱ ነው እንጂ የሚጠይቁት!»

ስልኩ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ፣ እናቷ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። በየቀኑ ከሥራ መልስ ከሣጥኑ ይወጣል፣ ደመና ታነባለች፣ አባቷ «ሌላ ነገር አይልም?» ይላል፣ «አይልም» ትላለች፣ ስልኩ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። በዚህ ሁኔታ አንድ ሳምንት አለፈ። ከገንዘቡ የተነካ ነገር አልነበረም።

የደመና ጓደኛ ሬዲዮ ናት። ስሙን ያወጡላት መምህራን ናቸው፤ አንዴ ከተከፈተች ባትሪዋ አያልቅም። ቅዳሜ ጠዋት ኮረብታው ግርጌ ካለው ምንጭ ጀሪካን እየሞሉ ሳለ ያለ እረፍት አወራች።

«ክፍሉን አየሁት እኮ! ጠባብ ነው፣ ግን ሁለት አልጋ ይችላል። አከራይዋም አሪፍ ሴትዮ ናቸው፤ አይነዛነዙም። ለብቻዬ ግን አልችለውም፣ ግማሹን የምትከፍል ሰው ካላመጣሁ ለሌላ ይሰጡታል። ምዝገባው ደግሞ አርብ ነው የሚያልቀው። ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«አንቺ ልጅ! ምን እየጠበቅሽ ነው? ምጽአት እስኪመጣ?»

«አባዬ ለጎረቤት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ‹ትምህርት በምን ይታያል? ቢመጡ ጭንቅላቷን ከፍቼ አላሳያቸው› ነው ያለው።»

ሬዲዮ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«መልእክቱን የምታነቢላቸው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ታዲያ አንድ መስመር ብትጨምሪበት ማን ያውቃል? ‹ለትምህርት ይዋል› በያ። አለቀ።»

«ዓይኔን በጨው አጥቤ?»

«ፋራ አትሁኚ! ለክፉ ነገር አይደል። ሰውየው ትእዛዝ ነው የሚፈልገው፣ ትእዛዝ ስጪዋ።»

«አፍሽን ያዢ» አለች ደመና። ግን ጆሮዋን አልያዘችም።

ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ኮረብታውን ስትወጣ እንደ ልማዷ አናቱ ላይ ቆመች። ከዚያ ሆኖ ከተማው እንደ ጭስ ነገር ሆኖ ይታያል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ይላል፤ ደመና ያ ጣሪያ የትምህርት ቤቱ ነው ብላ ከወሰነች ቆይታለች። ዓይኗን ጨፍና ገባችበት። ረጅም ኮሪደር ነበር፤ የጠመኔ ሽታ ነበር። አንድ መምህርት ሰሌዳ ላይ መሬትን እንደ ዳቦ ለሁለት ቆርጣ ሣለች፤ ከላይ አፈር፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ሰማያዊ መስመር። መምህርቷ ዞር ብላ «ይህ ለምን እዚህ ጋ ተገኘ?» ብላ ጠየቀች። ደመና እጇን አወጣች። እውነትም እጇን አውጥታ ኖሮ ጀሪካኑ ተንሸራትቶ ውሃው በአንገቷ ወረደ።

እሑድ ከሰዓት ሥራ አልነበረም። እናቷ እንደ ወትሮዋ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። ለወፍጮ ቤቱ ነው የምትሰፋው፤ በትልቁ የጆንያ መርፌ፣ ጥርሷ መሀል ሲባጎ ነክሳ። ቤቱ መስኮት ስለሌለው ብርሃን ያለው በሩ ላይ ብቻ ነው። ሰው ሊገባ ወይ ሊወጣ ሲል እሷ ከነጆንያዋ ትነሣና ታሳልፋለች። አባቷ ጥላው ውስጥ ጋደም ብሏል።

«እኔ ምን እንደምፈልግ ታውቃለህ?» አለች እናቷ መርፌውን ሳታቆም። «መስኮት።»

«መስኮት?»

«አዎ መስኮት! ምን ያስቅሃል? ሃያ ዓመት እዚህ ደፍ ላይ ተጥጄ ሰፋሁ። ሲዘንብ እገባለሁ፤ ስገባ አይታየኝም። ሲያባራ እወጣለሁ፤ ስወጣ ትረግጡኛላችሁ። ባለ መስታወት መስኮት ቢኖር ውስጥ እንደ ሰው ተቀምጬ እሠራ ነበር።»

ያለችውን ሰምታ ራሷም የደነገጠች መሰለች። ከዚያ ብድግ ብላ ከምድጃው አንድ ከሰል አነሣችና ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሣለች፤ መሀሉን በመስቀለኛ ከፈለችው። ራቅ ብላ አየችው። ተመልሳ ከሥሩ ትንሽ ማሰሮ፣ ማሰሮው ላይ ሦስት ቅጠል ጨመረች።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ አባቷ።

«አበባ ነው።»

«አበባም አለው እንዴ?»

«የኔ መስኮት ነው፣ ምን አገባህ!»

ሳቁ። አባቷ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ደመና ተከተለችው። ግቢው መሀል ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ጎንበስ ብሎ አፈር ቆነጠረ። ቀመሰው። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ቀመሰው። ከዚያ በእንጨት ጫፍ መሬቱ ላይ ትልቅ ክብ አሰመረ።

«ከሠላሳ በላይ ጉድጓድ ለሰው ቆፍሬያለሁ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «የኔ ሚስትና የኔ ልጅ ግን ለአንድ ጀሪካን ኮረብታ ይወርዳሉ። ለራሴ ልቆፍር ካልኩ አንድ ወር የሰው ሥራ መተው አለብኝ፤ ግድግዳውን የሚይዝ የሲሚንቶ ቀለበት መግዛት አለብኝ። እንዴት አድርጌ? አሁን ግን... እፈልጋለሁ።»

ደመና አባቷ «እፈልጋለሁ» ሲል ሰምታ አታውቅም። «ያስፈልጋል» ነው የሚለው፤ ጨው ያስፈልጋል፣ ገመድ ያስፈልጋል። ክቡ መሀል ቆሞ ሲያዩት ሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ወጣት፣ ጭቃ ያልነካው። እናቷም ከበሩ ላይ ሆና በከሰል በጠቆረ እጇ አፏን ይዛ ታየዋለች። የከሰዓቷ ፀሐይ ግቢውን ወርቅ ቀብታው ነበር። ደመና «እኔም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን መልሳ ዘጋችው፤ ገንዘቡ ለሦስት ሕልም እንደማይበቃ ታውቃለች።

ልክ ያኔ የአባቷ ፊት ተለወጠ። ከክቡ ወጣ።

«ግን መስኮትና ጉድጓድ... ደስ ይላቸው ይሆን?»

«እነማንን?» አለች እናቷ።

«ባለ ገንዘቦቹን ነዋ። ደመናዬ፣ እስቲ ያን ነገር አንድ ጊዜ አንብቢው።»

ስልኩ ከሣጥኑ ወጣ። ጨርቁ ተፈታ። ደመና በቃሏ የምታውቀውን ማንበብ ጀመረች። «‹ይህ ገንዘብ የእናንተ ነው። ለፈለጋችሁት ነገር አውሉት። የሚመለስ ብድር አይደለም።›» እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። አንደበቷ ግን አልቆመም። «‹ለልጆች ትምህርት ቢውል ይመረጣል።›»

አባቷ ከስልኩ ወደ ፊቷ ቀና አለ።

«ይቺን እስከ ዛሬ አላነበብሻትም» አለ አባቷ።

«ታች ነበረች። ቁልፉን ስጫን ነው አሁን የመጣችው።» ጆሮዋ እስኪግል ድረስ አፈረች። ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ስልኩን ይቀማኛል፣ ለጎረቤት ያሳየዋል ብላ ጠበቀች።

አባቷ ግን በረጅሙ ተነፈሰ። እፎይታ ነበር። «አላልኩም? አንድ ነገር እንዳለው አውቄ ነበር! እንኳን ሳንነካው አወቅነው።» ትከሻው ወደ ድሮ ቦታው ወረደ፤ ከአለቃ ፊት እንደሚቆም ሰው ሆነ። «ማክሰኞ ከተማ ወርጄ አስመዘግብሻለሁ። የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ እንይዛለን። የሚታይ ነገር ማለት እሱ ነው።» ይህንን እያለ ክቡን በእግሩ አፈር አለበሰው።

«እሰይ፣ ልጄ ልትማር ነው!» አለች እናቷ፤ ግንባሯን ሳመቻት። ደስታዋ የእውነት ነበር፤ ይህ ነው ደመናን ይበልጥ ያሳመማት። ከዚያ እናቷ ጨርቅ በውሃ ነክራ መስኮቷን ታጠፋ ጀመር። ከሰል በቀላሉ አይለቅም። አበባው ጠፋ፣ መስቀለኛው ጠፋ፤ ግድግዳው ላይ ግራጫ የሆነ ነገር ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ደመና፣ ስለ ምዝገባው ይደወልበታል ተብሎ ከሣጥኑ የወጣውን ስልክ ጉያዋ ይዛ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ባልዲ ትጠብቃለች። የፈለገችው ሆኖላታል። ሬዲዮ ወሬውን ስትሰማ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ጮኻለች። ከአሁን በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ የሷ ነው። ልትገባበት ዓይኗን ጨፈነች፤ ኮሪደሩ አልመጣም። መምህርቷም አልመጣችም። የመጣው በእርጥብ ጨርቅ የሚታሸት ግድግዳ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ነገር አንጀቷን እየበላው ነበር። አባቷና እናቷ ትማር ብለው አልመረጡላትም፤ ታዘዙ እንጂ። ብትጠይቃቸው ኖሮ ምን ይሏት ነበር? «መስኮቱ ይቅር» ትል ነበር እናቷ? «ጉድጓዱ ይቆይ» ይል ነበር አባቷ? ወይስ አይሉም ነበር? ይህንን ከእንግዲህ በሕይወቷ ሙሉ አታውቀውም። አልጠየቀቻቸውምና።

«ደመናዬ!» አለ አባቷ። «ሰማዩ እንዴት ነው?»

ቀና አለች። «ተራራው ላይ ትንሽ ደመና አለ። ነጭ ነው፣ የበግ ፀጉር የመሰለ። ወደዚህ አይመጣም።»

«እሺ» አለና ዶማውን አነሣ። ቀና ብሎ እንኳ አላየም። እሺ አለ፣ ቆፈረ።

እስኪወጣ ልጠብቅ ብላ አሰበች። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከበላ በኋላ፣ ደስ ብሎት ሲቀመጥ። ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ። ከዚያ ደግሞ... እንዲህ እያለች እንደማትናገረው ገባት። በሆዷ ተኛች። የመዘውሩን እግር ጨበጠች።

«አባዬ!»

ዶማው ቆመ። «ምነው፣ ደመናው መጣ?»

«አልመጣም። መልእክቱ ሌላ ነገር አይልም። ስለ ትምህርት የሚል የለውም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ቃሏ እየታከከ ወርዶ ደረሰ። ቆቡ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ገመዱ ተወጠረ፤ አባቷ እግሩን በየመርገጫው እያስገባ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ያን ያህል ቀስ ብሎ ሲወጣ አይታው አታውቅም።

ወጥቶ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ጭቃውን ከእጁ ላይ ፈቀፈቀ።

«ያንን ጓደኛዬን ለምን እንደተውኩት ታውቂያለሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ስለዋሸህ።»

«አይደለም። ሰው ይዋሻል፣ ሰው ይቀልዳል። ጥፍሬ እየተነቀለ ስወጣ ከላይ ሆኖ እያየኝ፣ ‹ውሸቴን ነው› አላለኝም። እሱ ነው ያልወጣልኝ።» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ እኔ እዚያ እያለሁ ነገርሽኝ።»

ደመና ማልቀስ ስትጀምር አባቷ አላባበላትም፤ ጠጋ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ቆይቶ ስልኩን ከጉያዋ እንድታወጣ ጠየቃት። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «የት ጋ ነው የሚያልቀው?» አለ።

ጣቱን ይዛ ከመጨረሻዋ አራት ነጥብ ላይ አደረገችለት። «እዚህ ጋ።»

ጣቱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ነጥቧን አልፎ ባዶው ላይ ሄደ፤ እስከ መስታወቱ ጠርዝ፣ እስከ ስንጥቁ። ተመለሰና እንደገና ሄደ።

«እውነትም ምንም የለም» አለ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ ሌላም ነገር ነበር። «ምዝገባው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አርብ።»

«ታዲያ እስከ አርብ ተቀምጠን እንነጋገራለን። ሁሉም አይሆንም፣ ታውቂያለሽ። ምናልባት ያንቺ ነው የሚቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እኛ የሣልነውን አይተሻል። አንቺ ምን እንደምትፈልጊ ነግረሽን አታውቂም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሲደርሱ እናቷ ደፉ ላይ ነበረች። አባቷ ሁሉንም ነገራት፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እናቷ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካች። ደመናን አየቻት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ግራጫ አየችው። ከምድጃው ከሰል አነሣችና በግራጫው ላይ መስኮቷን እንደገና ሣለች፤ አሁን ከበፊቱ ሰፋ አድርጋ። አበባውንም አልረሳችም። ሲያልቅ ከሰሉን ለልጇ ዘረጋችላት።

«እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው፣ እመቤት ጸሐፊ» አለች። ድምጿ ገና አኩርፏል፤ እጇ ግን ተዘርግቷል።

ደመና ከሰሉን ተቀበለች። የምትፈልገው ነገር እንዴት እንደሚሣል አታውቅም። ጣሪያ ነው? ሰሌዳ ነው? መሬት ሥር የሚሄድ ወንዝ ነው? ከመስኮቱ አጠገብ ተንበርክካ አንድ መስመር ጀመረች። መስመሩ በግድግዳው ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ በሩ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አባቷ ጎንበስ ብሎ።

«መንገድ ነው።»

«የት ነው የሚያደርሰው?»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩትም።»

መስመሩ ወደ ውጭ ለመውጣት በደፉ ላይ ማለፍ ነበረበት። እናቷ ጆንያዎቿን ሰበሰበችና ጠጋ አለችላት።